የኤድመንድ ፊትዝጀራልድ መርከብ ሥራና ፍጻሜ

ነጋዴ የጭነት ሰነዱን ፈርሞ በመዝገቡ ካኖረ በኋላ ዕቃውን የሚያደርሱለትን ሰዎች ብዙ ጊዜ አያስባቸውም። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ 17 ዓመት ሠርታ የጠፋችውን የኤድመንድ ፊትዝጀራልድን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል። ዘመኑ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህች የእንፋሎት መርከብ በሚሺጋን ግዛት በሪቨር ሩዥ ተሠርታ በ1958 ወደ ውኃ ወረደች። ርዝመቷ 222 ሜትር፣ ወርዷ 23 ሜትር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በሐይቆቹ ላይ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። ያሠራት የሚልዎኪው ኖርዝዌስተርን ሚውችዋል የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን በመርከብ ላይ አውሎ፣ በአለቃው ስም ሰይሞ፣ ለጫኚ ድርጅት አከራያት። ሥራዋም ታኮናይት የሚባለውን የተድቦለቦለ የብረት ማዕድን ከሱፒሪየር ሐይቅ ወደቦች ጭና ወደ ዲትሮይትና ወደ ቶሌዶ ማድረስ ነበር።

ከ1969 እስከ 1973 ድረስ ደንቡ እየተሻሻለ ሄዶ፣ መርከቢቱ ስትሠራ ከተፈቀደላት ይልቅ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውኃው ጠልቃ እንድትጭን ተፈቀደ። ለባለ ጭነቱ ይህ ትርፍ ነው፤ ለመርከበኛው ግን ሞገዱ ወደ መርከቡ ወለል አንድ ሜትር ቀረበ ማለት ነው።

ኖቬምበር 9 ቀን 1975፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ 26,116 ቶን ጭና ከሱፒሪየር ወደብ ተነሣች። አለቃዋ ካፒቴን ኧርነስት ማክሶርሊ ነበሩ። በማግስቱ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ሞገዱም ከ7 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ካፒቴኑ መርከባቸው ወደ ጎን ማዘንበሏንና ውኃ እያስወጡ መሆናቸውን ከኋላቸው ይከተል ለነበረው ለአርተር አንደርሰን መርከብ በራዲዮ አስታወቁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይም እንዴት እንደ ሆኑ ቢጠየቁ፣ እየተቋቋሙት መሆኑን መለሱ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው አልተሰማም። 29 ሰዎች ጠፉ፤ የአንዱም አስከሬን አልወጣም።

የአንደርሰን አለቃ ካፒቴን በርኒ ኩፐር ከማዕበሉ ወጥተው ጸጥታ ወዳለበት ወሽመጥ ከገቡ በኋላ፣ ለፍለጋ እንዲመለሱ በተጠየቁ ጊዜ እንደገና ወደዚያው ማዕበል ተመለሱ። ያገኙት ግን የተሰባበሩ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎችን ብቻ ነው።

መርከቢቱ ለሁለት ተከፍላ በ160 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘች። የመንግሥቱ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ1977 ባወጣው መግለጫ፣ የ21ዱ የጭነት መግቢያዎች ክዳን ውኃን አጥብቆ አለመከልከሉን እንደ ምክንያት ገመተ። የመርከብ ባለቤቶች ማኅበር ይህን ተቃውሞ፣ የታችኛው አካሏ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ድንጋይ ነክቶ ይሆናል አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

ከዚያ ወዲህ መርከበኞቹ ከብርድ ውኃ የሚያድን ልብስ፣ መርከቦቹም የጥልቀት መለኪያ መሣሪያ እንዲኖራቸው ተደረገ። በ1995 ደወሏ ወጥቶ፣ በምትኩ የ29ኙ ስም የተቀረጸበት ደወል በስፍራው ተቀመጠ።

እኛም ዕቃችንን በመርከብ የምናስጭን ሰዎች፣ ጭነት በተጨመረ ቁጥር ትርፉ በማን መዝገብ፣ አደጋውም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚጻፍ ማሰብ ይገባናል። የብረቱን ዋጋ ኢንሹራንስ ይተካዋል፤ ሰውን ግን የሚተካ የለም።