ማግኔትን የሚያግድ ብረት ነው

ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የሚወጣው ጥቁር ቀለበት ማግኔት ነው። ካሴት ላይ ከተቀመጠ የተቀዳውን ሊያጠፋ ይችላል። የሟች አያታችን ድምፅ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ታዲያ ማግኔቱን በምን እንከልለው? እስቲ እንሞክር። በማግኔቱና በመርፌ መካከል ወረቀት እናስገባ። መርፌው ይሳባል። ጨርቅም፣ የአሉሚኒየም ክዳንም አያግዱትም። የአካፋ ብረት ስናስገባ ግን ጉልበቱ ይደክማል።

ለምን? የማግኔት ኃይል በብረት ውስጥ ማለፍ ይቀለዋል። ብረቱ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ማግኔቱ ይመልሰዋል። ብረቱ በወፈረ ቁጥር የሚያመልጠው ኃይል ያንሳል።

እንግዲህ ማግኔቱ የሚጣበቅበትን ባለክዳን ጣሳ እንፈልግ። ማግኔቱን እዚያ ውስጥ እናኑር። የጣሳ ብረት ስስ ስለሆነ ካሴቱን 2 ክንድ እናርቀው። ርቀትም ጋሻ ነው።