የተሻረ የዲሲፕሊን ውሳኔና የካሳ ክስ

በጠበቃ ላይ የተሰጠ የዲሲፕሊን ውሳኔ በይግባኝ በተሻረ ጊዜ፣ ውሳኔውን የሰጠው አካል ለተቀጣው ጠበቃ ካሳ የመክፈል ግዴታ ወዲያውኑ ይወድቅበታል የሚለው እምነት፣ ሕግ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ሥር የሰደደና ደጋግሞ ቢታረምም የማይለቅ ስሕተት ነው። የጥብቅና ፈቃድን በሚመለከት በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 199/1992 ተክቷል፤ በአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ደግሞ ፈቃዱ ከክልሉ ፍትሕ ቢሮ የሚመነጭ ነው። ፈቃድ ሰጪው ቢለያይም፣ የካሳው ጥያቄ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት፣ ማለትም ውል ሳይኖር በሌላ ሰው ላይ ስለሚደርስ ጉዳት በሚናገሩት ድንጋጌዎች ነው።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት የሚመረምረው ውሳኔው ትክክል መሆን አለመሆኑን ሲሆን፣ የካሳ ችሎት ግን ወሳኙ አካል ጥፋት መፈጸም አለመፈጸሙን ይጠይቃል። ምስክሮችን ሰምቶ፣ ሰነድ መርምሮ፣ በመጨረሻ ማስረጃውን በተሳሳተ ሚዛን የመዘነ የዲሲፕሊን ጉባኤ፣ የበላይ ፍርድ ቤት በሌላ ሚዛን ስለመዘነው ብቻ አጥፊ ሊባል አይችልም። ጠበቃው መጥሪያ ሳይደርሰውና መልሱን ሳያቀርብ ፈቃዱ ከታገደ፣ ወይም በሕግ ያልተጻፈ ቅጣት ከተጣለበት ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2035 ግልጽ የሕግ ድንጋጌን መጣስ ራሱን የቻለ ጥፋት ያደርገዋልና። የክስ ማመልከቻው ጥርት አድርጎ መጻፍ የሚገባው ይህንኑ ልዩነት ሆኖ ሳለ፣ የይግባኙን ፍርድ ግልባጭ አያይዞ ከታች የገንዘብ መጠን መጻፍ ብቻውን ክስ አይሆንም።

ተከሳሽን መምረጥም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ የሚችለው ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ሲሆን ነው፤ ቁጥር 2127 ደግሞ ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ ለመንግሥት ጥቅምና በሥልጣኑ ክልል የሠራ መስሎት የፈጸመውን የሥራ ጥፋት ይለዋል፣ ቅን ልቦናውም ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ይገመታል። በንዴት የተነሣ ጠበቃ የጉባኤውን አባላት በስም እየጠራ በቂም ተነሣሥተው አጠቁኝ ብሎ ሲከስ፣ የተሳካለት እንደ ሆነ ጥፋቱን የግል አድርጎ መንግሥትን ከኃላፊነት ያወጣል፤ በፊቱ የሚቀረውም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ባለዕዳ ይሆናል። ይህን ያህል በራስ ላይ የሚዞር ክርክር በሌላ የሕግ ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉዳቱን የማስረዳት ሸክምም የከሳሹ ነው (ቁጥር 2141)። ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ከፋርጣና ከጋይንት የውርስና የመሬት ክርክሩን ይዞ ደብረ ታቦር በሚመጣበት ወቅት ለስድስት ወር የታገደ ጠበቃ፣ የቀረበት ገቢ ብዙ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችሎቱ የሚፈልገው የተፈረመ የጥብቅና ውል፣ ደረሰኝና ለግብር የተገለጸ ገቢ ነው፤ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ትንሽ ገቢ አሳውቆ ለችሎት ብዙ መጠየቅ አያስኬድም። ለተዋረደው ስሙ የሚጠይቀው የሞራል ካሳም ቢሆን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል፤ ይህ ገደብ ለዛሬ ዘመን ፈጽሞ የማይመጥን ነው።

ስሕተት ብቻውን ካሳ አያስከፍልም የሚለው መርህ በሌላ አገርም ይታያል። በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የኬቤክ የጠበቆች ማኅበር 25,000 የካናዳ ዶላር እንዲከፍል የወሰነው ለተቀጣ ጠበቃ ሳይሆን፣ በአደገኛ ጠበቃ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ ቸል ለተባለባት ሴት ነበር፤ መመዘኛውም ተራ ስሕተት ሳይሆን ከባድ ቸልተኝነት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጊዜው ነው። በቁጥር 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ይግባኙ ሲጓተት የካሳውን ይርጋ ያቆምልኛል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። ይግባኝ ማለትም በራሱ ቅጣቱን አያስቆምም፤ ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 332 ጀምሮ በሚፈቅደው መሠረት የአፈጻጸም እግድ መጠየቅ፣ ከይግባኙ ማመልከቻ ጋር በዚያው ቀን መቅረብ ያለበት ጥያቄ ነው።