ከዕድሜ ጋር የሚመጡ የዓይን ችግሮች

ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች «ዓይኔ ፈዘዘ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ጉዳት አለው። አንዳንዱ የዓይን ችግር በመነጽር ወይም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ሌላው ደግሞ አንዴ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ቤት መቀመጥ አይገባም።

1. የቅርቡን አጥርቶ አለማየት፦ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ይሄዳል። ሰውየው የራሽን ካርዱን ከፊቱ አርቆ ይይዛል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት፣ ከእህል ጠጠር መልቀም ይቸግረዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ የንባብ መነጽር ይበቃዋል። መነጽር ዓይንን ያደክማል የሚባለው እውነት አይደለም።

2. የዓይን ሞራ፦ በዓለም ላይ ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው። ሌንሱ ያለ ምንም ሕመም ቀስ በቀስ ይደፈርሳል። ሰውየው በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ፀሐይና የመኪና መብራት ያስቸግሩታል። ሞራ በጠብታም ሆነ በክኒን አይጠፋም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ሲሆን፣ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። «ሞራው እስኪበስል» መጠበቅም አያስፈልግም።

3. ግላኮማ፦ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል። መጀመሪያ የሚጠፋው የጎን እይታ ስለሆነ ሰውየው ሳያውቀው ብዙ ይጎዳል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማዳን የታዘዘውን ጠብታ ሳያቋርጡ መጠቀም ያስፈልጋል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም ይመርመር።

4. ስኳር በሽታና ትራኮማ፦ ስኳር በሽታ በዓይን ውስጥ ያሉትን ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳል፤ በሽተኛው በየዓመቱ ዓይኑን ይታይ። በልጅነት የጀመረ ትራኮማ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ቅንድቡን ሳይሆን የዓይን ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ጸጉሩ ዓይኑን እየፋቀ ያቆስላል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ቢያሳርፍም ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሽፋኑን የሚያስተካክል አነስተኛ ቀዶ ሕክምና አለ።

ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው፦
– እይታ በድንገት ሲጠፋ
– ዓይን ቀልቶ በጣም ሲያም፣ በተለይ ከራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር
– ብልጭታ፣ ብዙ ጥቋቁር ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ሲታይ

የቅጠል ጭማቂ፣ ወተት ወይም ሽንት ዓይን ውስጥ አይጨመርም። የሌላ ሰው ጠብታም አትጠቀሙ። አንዳንዱ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ግላኮማና ሞራ ያመጣል።

በቤት ውስጥ ቀላል ፈተና ማድረግ ይቻላል። አዛውንቱ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ፤ እናንተ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ ጣቶቻችሁን ያስቆጥሯችሁ። ከዚያ ሌላውን ዓይን ፈትኑ። ደህናው ዓይን የታመመውን ስለሚሸፍን ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በአንዱ እንኳ መቁጠር ካቃታቸው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ግላኮማ ግን በዚህ ፈተና ላይታወቅ ስለሚችል፣ ጣት ቆጠሩ ብላችሁ ምርመራውን አትተዉ።

አንድ አዛውንት ዓይናቸው ሲጠፋ በትር ይዞ የሚመራቸው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በጊዜ መታከም የሁለቱንም ዕድል ያድናል።