የመጸው በርበሬና የጀብራ እናቶች ብልኃት

መስከረም 26 ቀን ዘመነ ክረምት አብቅቶ ዘመነ መጸው ይገባል። ከዚያ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ባሉት ሦስት ወራት ሰማዩ ይጠራል፤ ነፋሱ ይደርቃል፤ አዲሱም ዛላ በርበሬ ከማረቆና ከአላባ፣ ከቡሬና ከወምበርማ እየተጫነ ወደ ገበያ ይወጣል። ባልትና የሚገባት ሴት ይህን ወቅት አታሳልፈውም። የዓመቱ ወጥ የሚጣፍጠውም የሚበላሸውም በእነዚህ ጥቂት ፀሐያማ ሳምንታት ነውና።

በጦር ሰፈር የምትኖር ባለትዳር ግን ብዙ እንቅፋት አለባት። ክፍሏ ጠባብ፣ ግቢው የጋራ፣ ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ነው፤ የዝውውር ትእዛዝም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለሆነም አብዛኞቹ እኅቶቻችን የተፈጨውን በርበሬ ከሱቅ በጥቂት በጥቂቱ መግዛትን ይመርጣሉ። ይህ የሚቀል መስሎ ይከብዳል። ችርቻሮው ከጅምላው ይወደዳል፤ ከዚህም በላይ በዱቄቱ ውስጥ ምን እንደ ገባ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው። በርበሬን ከሸክላ ዱቄት ጋር ደባልቀው ሲሸጡ ስለ ተያዙ ሰዎች በአገራችን በተደጋጋሚ ተሰምቷል። ልጅ ለሚያሳድግ ቤት ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለዚህ መላ ስንፈልግ ከካርቱም ተመልሰው በሰፈራችን ከዘመድ ቤት የተጠጉ እናቶችን አነጋገርን። እነርሱ ከእኛ በከፋ ጥበት፣ ያውም በሰው አገር፣ ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

ጀብራ በካርቱም ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በብዛት ከኖሩባቸው የከተማይቱ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ከሴቶቹ ከፊሎቹ በሰው ቤት ተቀጥረው፣ ከፊሎቹም በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ ይተዳደሩ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ጀብራም ውጊያ ከደረሰባቸው ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ሕዝቡ ተበተነ፤ ብዙዎች በገዳሪፍና በገላባት አድርገው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከዚህ በታች የምንጽፈው እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት ስለ ነበረው ኑሮ ነው።

የሱዳን ሰው በርበሬን «ሸጣ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪዋ መጀመሪያ ስትሰማው «ማን ናት፣ ምን ሸጣ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ሸጣው ግን ለወጥ አልሆነላቸውም። በአብዛኛው ደቃቅና ኃይለኛ ነው፤ ለእኛ ሚጥሚጣ ይቀርባል እንጂ ቁሌቱን ከማቅላቱ በፊት አፍ ያቃጥላል። ቅመሙስ? ድንብላሉ «ኩዝባራ»፣ አብሹ «ሒልባ»፣ ጥቁር አዝሙዱ «ከሙን አስወድ» እየተባለ በገበያው ሞልቷል። የታጣው ኮረሪማ ነበር። ሱዳኖች ከቡናቸው የሚጨምሩት «ሀብሃን» የእኛው ሄል ነው፤ ኮረሪማ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ልጅ በመሆኑ መዓዛው ሌላ ነው። በሄል የተተካ በርበሬ ዶሮ ወጡን ሻይ ሻይ እንዲሸት ያደርገዋል ሲሉ እናቶቹ ይስቃሉ። ስለዚህ ዛላውና ኮረሪማው ከአገር ቤት መምጣት ነበረበት።

ወቅቱም አንድ አልነበረም። ዐረቦች መጸውን «ኸሪፍ» ይሉታል፤ በሱዳን ግን ኸሪፍ የሚባለው የዝናቡ ወራት ነው። በዚያ ጊዜና ከዚያ ቀደም ብሎ «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከተማውን ያለብሰዋል። በሀቡብ ወራት በርበሬ ማስጣት አሸዋ መብላት ነው። ስለዚህ ዝናቡ አልፎ የሰሜኑ ነፋስ እስኪነፍስ፣ ማለትም እስከ ኅዳር ድረስ ይታገሡ ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ሲገባ አዲሱ በርበሬ ለሽሮው ካልደረሰ ግን በግቢው ውስጥ ወቀሳ ነበር ይላሉ።

አሁን ወደ ብልኃታቸው እንምጣ። በአንድ ግቢ የሚኖሩት ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፣ እንደ ዕቁብ አድርገው፣ አንድ ጆንያ ዛላ በጋራ ያስመጡ ነበር። ቀን ሥራ የሚውሉት ማታ ማታ ይቀነጥሳሉ፤ ቤት የሚውሉት ስጡን ይጠብቃሉ፤ ዐርብ የሱዳን የዕረፍት ቀን በመሆኑ ሁሉም በአንድነት ይወቅጣሉ። ጠቡ የሚነሣው በምጥኑ ላይ ነበር። የጎጃሟ ጥቁር አዝሙድ ይብዛ ትላለች፤ የጉራጌዋ ኮረሪማውን አታሳንሱት ትላለች፤ የወሎዋ አብሽ የሚባል አይግባብኝ ትላለች። ክርክሩ የተፈታው እንዲህ ነው፤ በርበሬው እስከ ደረቀ ድልዝ ድረስ በጋራ ይሠራል፤ ከዚያ በሚዛን ይካፈሉትና ደረቁን ቅመም እያንዳንዷ በየቤቷ ምጥን ትጨምራለች። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ባለትዳሮች በአንድ ቧንቧ በሚቀዱበት የእኛ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ሥርዐት ይገኛል ብለን አናምንም።

ስለ አሠራሩ ዋና ዋናውን እንጻፍ። ዛላው ሲገዛ ተሰብሮ ይታይ። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ወይም ነጭ ሻጋታ የያዘውን፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ወደ ቤት አያስገቡት። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ በማመስም ሆነ በመቀቀል ፈጽሞ አይጠፋም። በአዲስ አበባ በተገኙ የሽሮና የተፈጨ በርበሬ ናሙናዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ምርመራም ይኸው መርዝ በከፊሎቹ ላይ መገኘቱን አሳይቷል። አንዳንድ ነጋዴዎች ሚዛን እንዲያነሣላቸው ዛላውን ውኃ ይረጩታል፤ ሲጨብጡት የሚተጣጠፍና የማይሰበር ከሆነ ይጠርጥሩት።

የተቀነጠሰው በርበሬ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ፣ ሲነቀንቁት ፍሬው እስኪንኳኳ ድረስ ይደርቃል። ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይግባ። ከዚያም በሙቀጫ ሸክሸክ ተደርጎ ለመደለዝ ይዘጋጃል። ለ5 ኪሎ በርበሬ 1 ኪሎ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ጨው፣ አንዳንድ እፍኝ በሶብላና ጦስኝ፣ ጥቂት የጤና አዳም ፍሬ ይበቃል። ይህ ሁሉ አብሮ ተወቅጦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተሸፍኖ ያድራል፤ ጣዕሙ የሚዋሐደው ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ተፈርፍሮ እንደገና ይሰጣል። ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጓል ገና ከወፍጮ ቤት ሳይወጣ መበላሸት ይጀምራል፤ ስለዚህ ጓሉ በጣት ተፈርክሶ ይታይ።

ደረቁ ቅመም ሩብ ኪሎ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ ሩብ ኪሎ ጥቁር አዝሙድ፣ ሩብ ኪሎ ነጭ አዝሙድ፣ አንድ ስኒ ድንብላል፣ ግማሽ ስኒ አብሽ፣ ጥቂት ቅርንፉድና ቀረፋ ነው። ሁሉም ለየብቻው በለስላሳ እሳት ይታመስ። አብሹ ካረረ በርበሬው በሙሉ ይመራል፤ የሚያስተካክለውም ነገር የለም። ጥምዝና ቁንዶ በርበሬን በዚህ ውስጥ ባንጨምር እንመርጣለን፤ ለመከለሻ ቢቀመጡ መዓዛቸው ይቆያል። ከወፍጮ ቤት የመጣው ዱቄት ትኩስ ስለሆነ ወዲያው በጣሳ አይታሸግ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝ። ትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል፤ ላቡም ሻጋታ ይጠራል።

እጅ ሲያቃጥል ውኃ ብቻ ማፍሰስ አይረዳም። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በውኃ ስለማይሟሟ፣ አስቀድሞ እጅን ዘይት ቀብቶ ማሸት፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ይገባል። የምታጠባ እናት ከቅንጠሳውና ከውቀጣው ብትቀር ማንም አይቀየማትም፤ ለልጆች ምሳ መሥራትም ድርሻ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ባለሙያዎቹ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ አዲስ በርበሬ ጥሬ ጥሬ እንዳይል ቁሌቱ ላይ ውኃ ጠብ እያለበት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ጋዝ ወይም ከሰል ለመቆጠብ ያሳጠሩት ወጥ ሆድ ያቃጥላል፤ ጥፋቱም በርበሬው ላይ ይላከካል።

የወታደሩ ድርሻ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የበላው ሴቶች በየቤቱ አዘጋጅተው፣ ከዚያም አብረው ዘምተው የሠሩትን ሥንቅ ነው። ዛሬ ቀለብ ከመምሪያ ቢሰፈርም ከቤት የመጣ ቋንጣ ቦታውን አልለቀቀም። ሥጋው ስብ የሌለበት ይሁን፤ እንደ ገመድ ቀጥኖ ይዘልዘል፤ በበርበሬ፣ በጨውና በጥቂት ቁንዶ በርበሬ ታሽቶ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ይሰቀል። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደርሷል። ከሱ ጋር አንድ ትንሽ ከረጢት በርበሬ ሲላክ ከጨርቁ ውስጥ የላስቲክ ሽፋን ይኑረው፤ ያለዚያ የትጥቁ ሻንጣ በሙሉ ቀይ ይሆናል፤ ባለቤቱም ፎጣውን ፊቱ ላይ ባደረገ ቁጥር ላኪዋን ያስታውሳል።

ከጀብራ የመጡት እናቶች ሙቀጫቸውን ትተው ወጥተዋል፤ በሰፈራችን ግን ሦስት ሙቀጫ አለ። በዚህ ኅዳር አንድ ጆንያ ለማስመጣት የሚያዋጡ ባለትዳሮችን ከወዲሁ መቁጠር ጀምረዋል። እስከ አሁን ዐሥራ አንድ ደርሰዋል፤ የአብሹ ክርክርም ተነሥቷል።