እናት እጅ ላይ የሚቀር ሰደቃ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ረመዳን ሲገባ፣ ዒድም ሲቃረብ ብዙዎቻችን ዱቄት፣ ዘይት፣ ቴምርና ልብስ ይዘን ወደ ችግረኛ ቤት እንሄዳለን። ይህ አጅሩ አላህ ዘንድ ያለ መልካም ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም ዱቄቱ ያልቃል፣ ልብሱም ያረጃል። በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ሰጪው ከሄደ በኋላም ተቀባዩ ዘንድ ስለሚቀር ሰደቃ ነው። እርሱም በገጠር እናት እጅ ላይ የሚገባ ዕውቀት ነው። ለዚህም ምሳሌ የሚሆነንን ከባንግላዴሽ መንደሮች እናመጣለን።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ተሟጦ ስለሚወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው ዳካ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች፣ ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበት ውኃ በመጠጣት የኮሌራ ሕሙማን ሊድኑ እንደሚችሉ አሳዩ። ምክንያቱም ስኳሩ በአንጀት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ጨውን ይዞ ይገባል፤ ውኃውም ይከተላቸዋል። በ1971 በባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት ምክንያት ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ሲሰደዱ፣ በአንድ የስደተኞች ጣቢያ በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ የሚጠጣ ውኃ ለስደተኞቹ ሰጡ። ቀደም ሲል ከመቶው ሕሙማን 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረበት ጣቢያ ሟቾቹ ከመቶ ወደ አራት ገደማ ወረዱ።

እንግዲህ መድኃኒቱ ታወቀ። ውኃ፣ ጨውና ስኳር ደግሞ ከደሃም ቤት አይጠፉም። የጠፋው ነገር እናትየዋ ማወቋ ነበር። ሆስፒታሉ ከመንደሯ የቀናት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ሕፃኑ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

በዚሁ ጊዜ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ በሒሳብ ሙያ ይሠሩ የነበሩት ፋዝሌ ሐሰን አቤድ ሥራቸውን ትተው፣ በ1972 ሱላ በተባለው አካባቢ ከስደት የተመለሱ ገበሬዎችን የሚረዳ ብራክ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። እርሳቸው በ2019 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ድርጅታቸው በ1980 ከባድ ሥራ ጀመረ፤ እርሱም በየመንደሩ፣ በየቤቱ እየገቡ እናቶችን ይህን ውኃ አበጣጥሶ ማዘጋጀት ማስተማር ነው።

አስተማሪዎቹ ሴቶች ነበሩ። አንዷ አስተማሪ ከእናትየዋ ጋር ተቀምጣ አሥር ነጥቦችን ታስረዳታለች። ከዚያም በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ ያልተጣራ ስኳር በግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ውስጥ እናትየዋ ራሷ በእጇ እንድትበጠብጥ ታደርጋለች። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ከተማሩት ቤቶች ጥቂቶቹን መርጦ ይሄድና እናቶቹ ምን ያህል እንዳስታወሱ ይጠይቃል። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ብዙ ጊዜ አንድን ሥራ የምንለካው በሰጠነውና በተናገርነው ነው። “ለይህን ያህል ሰው ትምህርት ሰጠን” እንላለን። እነርሱ ግን የለኩት ሰሚዋ ዘንድ በቀረው ነው።

እንዲያም ሆኖ ሥራው በመጀመሪያ ተሰናከለ። እናቶቹ አሥሩን ነጥቦች ያውቃሉ፤ ልጃቸው ሲታመም ግን ውኃውን የሚያዘጋጁት ጥቂቶች ነበሩ። ሲመረመር ሁለት ምክንያቶች ተገኙ። አንደኛው፣ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው ሲያስቀምጣቸው ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ነበሩ፤ የሚያስተምሩትን አያምኑበትም ነበር። ስለዚህ ሕሙማን በዚህ ውኃ ሲድኑ በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ሁለተኛው፣ ባሎችና አባቶች ስለ ነገሩ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወንዶችም በገበያና በመስጂድ እየተሰበሰቡ እንዲሰሙ ተደረገ። ተናጋሪው ያላመነበት፣ አባወራውም ያልሰማው ትምህርት ቤት ውስጥ ሥር አይሰድም።

ሥራው እስከ 1990 ሲቀጥል ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ደረሰ። በ1980 ገደማ በባንግላዴሽ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ወደ 30 ገደማ ወርዷል። በዚህ ውስጥ ክትባትና ሌሎችም ሥራዎች ድርሻ አላቸው፤ የእናቶቹ እጅም ትልቅ ድርሻ አለው።

እናቶች የልጆቻቸውን ትምህርት ጉዳይም አነሱ። በ1985 ድርጅቱ 22 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። በአንድ ክፍል 30 ያህል ልጆች ይማራሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አስተማሪዋ የዚያው መንደር ሴት ናት። የትምህርቱ ሰዓት አጭር ነው፤ ልጆቹ በቤትና በእርሻ ሥራ ወላጆቻቸውን እንዲያግዙ ከወላጆች ጋር በመመካከር ይወሰናል። በኋላም ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ብራክ የሃይማኖት ድርጅት አይደለም፤ ከሥራዎቹ አንዱ በወለድ የሚሰጥ ብድር ነው። ሪባ ሐራም መሆኑ ግልጽ ነውና ይህን አንወስድም። በሌላ በኩል በ1990ዎቹ “ዲንን ይጻረራሉ” በሚል ከነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በእሳት የተቃጠሉ ነበሩ። ይህም ትክክል አልነበረም። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ለሐፍሳ (ረ.ዐ) መጻፍ ማስተማራቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ሴት ልጅን ማስተማር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፤ ከነቢዩ ቤት የወረስነው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየተመደቡ በየቤቱ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እነዚህ እህቶች በራችንን ሲያንኳኩ “ሥራ አለብኝ” ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም። ባልም አብሮ ይስማ። ዛሬም በየሰፈራችን “ውኃ ተቅማጡን ይጨምርበታል” ብለው ያስቀመጠውን ልጅ ውኃ የሚከለክሉ አሉ። ይህ ልጁን ይጎዳል።

ልጅ ሲያስቀምጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን (ኦአርኤስ) ከጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ወስዶ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥና ባስቀመጠው ቁጥር ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። ጨው ከልኩ በላይ ከሆነ ጎጂ ነውና በግምት አይደረግ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ጡት የሚጠባ ይጥባ፤ የሚበላም ይብላ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም በታዘዘው ቀን ልክ ይጨርስ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የአንዲትን ነፍስ ሕይወት ማትረፍ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሱረቱል ማኢዳ በ32ኛው አንቀጹ ያስተምረናል። ሰው ሞቶ ሥራው ሲቋረጥ አጅራቸው ከሚቀጥሉት መካከል ጠቃሚ ዕውቀት አንዱ መሆኑንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ስለዚህ የየመስጂዱ ጀማዓ ሰደቃ ሲሰበስብ ከዱቄቱ ጎን ለጎን አንዲት እህት በሳምንት አንድ ቀን መንደሯን የምታስተምርበትን መንገድ ያስብ። ከወር በኋላም ተመልሶ “ምን ሰጠን?” ከማለት ይልቅ “ምን ቀረ?” ብሎ ይጠይቅ።

አላህ ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሰደቃችንንም ቀጣይ ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።