አይጂቢቲ፦ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማብሪያና ማጥፊያ

አይጂቢቲ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የኃይል ትራንዚስተር በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠሩ ሞተሮችንና ማሞቂያዎችን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ማብራትና ማጥፋት የሚችል፣ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው የሲሊከን መሣሪያ ነው። ከእርሱ የቀደመው ኮንታክተር የብረት ንክኪዎችን በማገናኘትና በማላቀቅ ስለሚሠራ፣ ንክኪዎቹ በተላቀቁ ቁጥር የሚፈጠረው የእሳት ብልጭታ ብረቱን እየበላ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አይጂቢቲ ሦስት ጫፎች ሲኖሩት፣ ዋናው ከረንት ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ያልፋል፣ ጌት የተባለው ሦስተኛው ጫፍ ደግሞ ትእዛዝ ይቀበላል። ጌቱ ከሲሊከኑ በስስ የኦክሳይድ ሽፋን የተለየ በመሆኑ፣ 15 ቮልት ገደማ ሲሰጠው ከረንት ሳያስተላልፍ በኤሌክትሪክ መስኩ ብቻ መንገዱን ይከፍታል። ይህን የአሠራር ስልት ያገኘው ሞስፌት ከተባለው ትራንዚስተር ነው፤ ሆኖም ሞስፌት ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዲችል የሲሊከን ንብርብሩ ሲወፍር ሬዚስታንሱ እጅግ ስለሚጨምር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሊጋ የተባለው መሐንዲስ በጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ ሌሎች መሐንዲሶችም በየፊናቸው ሁለት ዓይነት ቻርጅ ተሸካሚዎችን በአንድነት የሚጠቀመውን አይጂቢቲን አዳበሩ። ዛሬ ከ600 እስከ 6,500 ቮልት የሚችሉ ዓይነቶች ይመረታሉ።

የመሣሪያው ብቃት የሚመነጨው ሙሉ በሙሉ ክፍት ወይም ሙሉ በሙሉ ዝግ ሆኖ ከመሥራቱ ነው። በ600 ቮልት 100 አምፒር የሚስብ፣ ማለትም 60,000 ዋት የሚፈጅ ማሞቂያ በትራንዚስተር ቢታዘዝ፣ ትራንዚስተሩ ሲበራ በላዩ የሚቀረው ቮልቴጅ 2 ቮልት ያህል ስለሆነ 200 ዋት ብቻ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ብክነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሽግግሩ አጋማሽ ግን 300 ቮልትና 50 አምፒር ባንድ ጊዜ ስለሚያርፉበት ለቅጽበት 15,000 ዋት ይሸከማል። ስለዚህ ጌቱን የሚያዘው ሰርኪት ሽግግሩን በጥቂት ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ማጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ለቀሪው ሙቀትም ማቀዝቀዣ ብረት ይገጠማል።

ፍጥነቱ ግን ሌላ አደጋ ያስከትላል፤ በሞተር ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሉ ከምንጩ ቮልቴጅ እጅግ የሚልቅ ቮልቴጅ አመንጭቶ ትራንዚስተሩን ሊሰብረው ይችላል። ይህን ለመከላከል ከረንቱ ቀስ በቀስ እስኪሟሽሽ የሚዞርበት ዳዮድ ይቀመጣል። ትእዛዝ ሰጪው ማይክሮኮንትሮለርም ከከፍተኛው ቮልቴጅ እንዲለይ፣ ምልክቱ በብርሃን ወይም በትንሽ ትራንስፎርመር አማካይነት ይተላለፋል።

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ስድስት እንዲህ ያሉ ማብሪያዎች የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ባለሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ከረንት ቀይረው ሞተሩን ያሽከረክራሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በፍጥነት የሚጠፋው የሲሊከን ካርባይድ ሞስፌት በብዙ መኪኖች የአይጂቢቲን ቦታ እየወሰደ ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም ትራንዚስተር ሲጠፋም ጥቂት ከረንት ስለሚያሾልክ፣ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ እንደበራ ስለሚቀር፣ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ መስመሩን በሜካኒካል ማላቀቂያ መለየትና በሰርኪቱ ውስጥ ቻርጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ባዶ መሆናቸውን ለክቶ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።