የሙዚቃ ባለሙያ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ፤ የኦልድብራ ኦፔራ ልምድ ለትምህርት ቤቶች ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በትምህርት ቤቶች የሚዘጋጁ የሙዚቃና የቴአትር ትርኢቶች ዘወትር በሁለት አስተሳሰቦች መካከል ሲዋልሉ ይታያሉ። አንደኛው ወገን ሥራው ጥራት እንዲኖረው ተሰጥዎ ያላቸው ጥቂት ተማሪዎች ብቻ መመረጥ አለባቸው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዓላማው ማስተማር እስከ ሆነ ድረስ ሁሉም ይሳተፍ፤ ጥራት ኋላ የሚታሰብ ነው ሲል ይከራከራል። በመጀመሪያው መንገድ አብዛኛው ተማሪ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛው መንገድ ተማሪው ሊኮራበት የማይችል ሥራ ይዞ ወደ መድረክ ይወጣል። የሁለቱም ውጤት አንድ ነው፤ ብዙው ልጅ ሙዚቃ የሌሎች ሰዎች ሀብት ነው ብሎ አምኖ ከትምህርት ቤት ይሰናበታል።

ይህ ጽሑፍ ጥራትና ተሳትፎ የግድ የሚጋጩ አለመሆናቸውን በአንድ አነስተኛ የኦፔራ ድርጅት ልምድ አማካይነት ለማብራራት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የድርጅቱ አመሠራረት

ኦፔራ ድርሰቱ በአብዛኛው በዜማ የሚቀርብ ቴአትር ነው። ብዙ ድምፃውያንን፣ ሰፊ ኦርኬስትራንና ትልቅ መድረክን ስለሚጠይቅ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን የታላላቅ ከተሞች ጥበብ ሆኖ ኖሯል። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን በ1946 ለ8 ድምፃውያንና ለ13 የመሣሪያ ተጫዋቾች ብቻ የሚበቃ ኦፔራ ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። በተከታዩ ዓመት ከደራሲው ኤሪክ ክሮዚየርና ከሠዓሊው ጆን ፓይፐር ጋር «የእንግሊዝ ኦፔራ ቡድን» የተባለውን አነስተኛ ድርጅት አቋቋመ። ድምፃዊው ፒተር ፒርስም ከዚሁ ድርጅት ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነበር።

ቡድኑ በ1947 ወደ ኔዘርላንድና ወደ ስዊዘርላንድ ተጉዞ ሥራውን ሲያሳይ የጉዞው ወጪ ከአቅሙ በላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ ፒርስ፣ የራሳችንን በዓል በምንኖርበት ከተማ ለምን አናዘጋጅም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብሪተንና ፒርስ የሚኖሩባት ኦልድብራ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሳፎክ አውራጃ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው በዓል በሰኔ ወር 1948 ተከበረ። የኦፔራው መድረክ 300 ያህል ሰው ብቻ የሚይዘው የከተማው አዳራሽ ነበር። የቦታው ጥበት ግን ሙዚቀኞቹን ከነዋሪው ጋር አቀራረበ።

ለኅብረተሰቡ የተጻፉ ሁለት ሥራዎች

በ1949 በዚሁ አዳራሽ «ኑ፣ ኦፔራ እንሥራ» የተባለው ትርኢት ቀረበ። በመጀመሪያው ክፍል ልጆችና አዋቂዎች አንድ ኦፔራ እንዴት እንደሚዘጋጅ በተውኔት ያሳያሉ። በሁለተኛው ክፍል የተዘጋጀው ኦፔራ ይቀርባል። ታሪኩ የጭስ ማውጫ ጠራጊ እንዲሆን የተሸጠ የስምንት ዓመት ልጅን ሌሎች ልጆች ደብቀው እንዴት እንዳዳኑት የሚተርክ ነው። አጃቢዎቹ አራት ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት አንድ ፒያኖና የምት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የተመልካቹ ድርሻ ነው። ተመልካቹ አራት መዝሙሮችን ከሙዚቃው መሪ ተምሮ በታሪኩ ውስጥ በየቦታቸው ይዘምራል፤ በአንደኛው መዝሙር በአራት ተከፍሎ የአራት ዓይነት ወፎችን ድምፅ ያሰማል።

ሁለተኛው ሥራ በ1958 በኦርፈርድ ቤተ ክርስቲያን የቀረበው «የኖኅ የጥፋት ውሃ» ነው። ቃሉ የተወሰደው በመካከለኛው ዘመን የቼስተር ከተማ የእጅ ሙያ ማኅበራት በሕዝብ ፊት ያሳዩት ከነበረው መንፈሳዊ ቴአትር ነው። ኖኅና ሚስቱ ሆነው የሚዘምሩት የሠለጠኑ ድምፃውያን ሲሆኑ፣ የኖኅን ልጆችና ምራቶች እንዲሁም እንስሳቱን ሆነው የሚጫወቱት ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። እንስሳቱ «ኪርያላይሶን» እያሉ ወደ መርከቧ ይገባሉ። በሦስት ቦታ ጉባኤው ተነሥቶ የሚያውቀውን መዝሙር ከተጫዋቾቹ ጋር ይዘምራል።

የኦርኬስትራው አደረጃጀት ለመምህራን ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ጥቂት ባለሙያዎች መሠረቱን ይይዛሉ። በዙሪያቸው ለሚሰለፉት ልጆች የቫዮሊኑ ድርሻ በሦስት ደረጃ ተጽፏል፤ ሦስተኛው ደረጃ ገና ለጀመረ ተማሪ የታሰበ ስለሆነ በአብዛኛው በአውታሩ ላይ ጣት ሳያሳርፉ ደጋኑን መሳብ ብቻ ይበቃዋል። ጥሩምባና ቃጭል የሚያሰሙ ልጆችም አሉ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች የሚሰሙት በገመድ የተንጠለጠሉ ኩባያዎችን በእንጨት ማንኪያ በመምታት ነው። ይህን ዘዴ ለብሪተን ያሳየችው ኢሞጂን ሆልስት ናት። ኩባያ መምታት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኩባያው ከሌለ ዝናቡ አይጀምርም። የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ ከአቅሙ የማይበልጥ፣ ሆኖም ቢጎድል ሥራውን የሚያጎድል ነው።

የአመራሩ ጠባይ

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ተሰጥዎ ብቻ የተገኘ አይደለም። ኢሞጂን ሆልስት በጦርነቱ ዘመን በገጠር መንደሮች እየተዘዋወረች ነዋሪዎችን በሙዚቃ ያደራጀች፣ ከዚያም ለዓመታት ያስተማረች ባለሙያ ነበረች። በ1952 ወደ ኦልድብራ መጥታ የብሪተን ረዳት ሆነች፤ ከ1956 ጀምሮም በበዓሉ የጥበብ አመራር ውስጥ ተካፈለች። በ1952 በከተማው የተቋቋመው የሙዚቃ ክበብ ሙያቸው ሌላ የሆነ ነዋሪዎችን ያሰባሰበ ነበር። ብሪተን በ1954 ለዚህ ክበብ መታሰቢያ እንዲሆን ሬኮርደር ለተባለው ዋሽንት አጭር ድርሰት ጽፏል። መሪዎቹ ተራውን ተጫዋች በቅርብ ስለሚያውቁት የሚችለውንና የማይችለውን ለይተው ጻፉለት።

በ1967 በስኔፕ መንደር የነበረ አሮጌ የብቅል ማምረቻ ሕንፃ የሙዚቃ አዳራሽ ሆኖ ተከፈተ። በ1969 በበዓሉ መክፈቻ ሌሊት ተቃጠለ። ሆኖም ዝግጅቱ ወደ አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተዛውሮ ቀጠለ፤ አዳራሹም በ1970 እንደገና ተከፈተ።

የድርጅቱ ታሪክ ግን ጥንካሬን ብቻ የሚያሳይ አይደለም። ብሪተን በ1976 ሞተ። የኦፔራ ቡድኑ በ1975 በሌላ ስም ተደራጅቶ የነበረ ቢሆንም በ1980 ፈረሰ። በዓሉ ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከበራል፤ ሁለቱ የልጆች ሥራዎችም በልዩ ልዩ አገሮች ይቀርባሉ። ቡድን በገንዘብና በሰው ዕድሜ ይወሰናል፤ ለማንኛውም ኅብረተሰብ እንዲስማማ ሆኖ የተጻፈ ሥራ ግን ከመሥራቾቹ በኋላ ይኖራል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ዜማና ቴአትርን አጣምሮ ማቅረብ ለሀገራችን ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለም። ከ1935ቱ የጣልያን ወረራ አስቀድሞ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎችን እያሰለፉ ዜማ ያላቸውን ቴአትሮች አዘጋጅተዋል። ስለዚህ ከኦልድብራ የሚወሰደው አሠራሩ እንጂ የሙዚቃው ዓይነት አይደለም። በተለይም የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

ሀ) ከድርሰቱ በፊት ተማሪው ይጠና። ክራር የሚደረድር፣ ከበሮ የሚመታ፣ ማጨብጨብ ብቻ የሚችል ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ድርሻ መስጠት ልጅን ለውድቀት ማዘጋጀት ነው።

ለ) ድርሻው በደረጃ ይከፈል። በአንድ ዜማ ውስጥ የጎበዙም የጀማሪውም ቦታ ሊኖር ይችላል።

ሐ) ቀላሉ ድርሻ አስፈላጊ ይሁን። ለመሙያ ያህል የቆመ ልጅ መሙያ መሆኑን ከማንም አስቀድሞ ያውቀዋል።

መ) ወላጆች የሚያውቁት ዜማ በትርኢቱ ውስጥ ይግባ፤ ተመልካቹም ይዘምር።

ሠ) ዕቅድ አውጪዎች አዳራሽና መሣሪያ ከመመደባቸው በፊት ሙዚቃ የሚያውቅ፣ ማስተማርም የሚወድ መምህር ያሠልጥኑ። አዳራሽ ቢታጣ የቤተ ክርስቲያን ወለል እንደሚበቃ ታይቷል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ተስማሚውን ድርሻ መርጦ የሚሰጥ መምህር ግን በሌላ አይተካም።